ጃፓናዊው ፊልም ሠሪና የሞጣው መርዶ

መነሻ

ከአዲስ አበባ የተነሣነው በጥር ወር መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በላንድሮቨሩ ውስጥ ሦስት ነበርን። መሪውን የያዙት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ሃያ ዓመት የመንግሥት መኪና ነድቼ አንድ ዶሮ አልገጨሁም የሚሉ ሰው። ከኋላ ከካሜራ ሣጥኖች ጋር የተጣበቅሁት እኔ ነኝ። ከፊት የተቀመጡት ደግሞ ሚስተር ታኬኖ የሚባሉ ጃፓናዊ የፊልም ዳይሬክተር ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው።

የመጡበት ጉዳይ ለሰሚው ይከብዳል። ለአገራቸው ቴሌቪዥን የዓለም ሕዝብ ሙታኑን እንዴት እንደሚያለቅስ የሚያሳይ ፊልም እየሠሩ ነበር። ጎጃም ውስጥ ሴቶች በግጥም እንደሚያለቅሱ፣ የሟቹ ልብስና በትር ሜዳ ላይ ወጥቶ አገር እንደሚሰበሰብ ከአንድ ሰው ሰምተዋል። ይህን በካሜራቸው ለመያዝ የተፈቀደላቸው ሁለት ሳምንት ነው። እኔ የመሥሪያ ቤቴ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ። አለቃዬ «አገርህ ነው፤ ታውቀዋለህ» ሲሉኝ «አውቀዋለሁ» አልሁ። ጥፋቴን የምጀምረው ከዚህ ቃል ነው።

ደጀን

ዓባይን ወርደን እስክንወጣ የመኪናው ውኃ ሁለት ጊዜ ፈላ። ደጀን የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። እንጀራ በሽሮ ለአንድ ሰው ሠላሳ ሳንቲም ከፈልን። ሚስተር ታኬኖ ቃሪያውን ሳይቀር በልተው ጨረሱትና ላባቸውን እየጠረጉ ስለ ሥራቸው ያጫውቱኝ ጀመር።

አባታቸው ሐር ፈታይ ነበሩ። እሳቸው በወጣትነታቸው ከቤት ጠፍተው አንድ የፊልም ኩባንያ ውስጥ መብራት ተሸካሚ ሆነው ገቡ። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ከሸራው አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ የተዋንያኑን ንግግር በገዛ አፉ ይናገርላቸዋል፤ ተመልካቹ የሚያለቅሰውም የሚስቀውም በዚያ ሰው ምላስ ነው።

«ጌታዬ የምላቸው ዳይሬክተር ተናጋሪዎቹን አይወዷቸውም ነበር» አሉኝ። «ፊልሙ ሲሰለቻቸው ከራሳቸው ይጨምራሉ። አንድ ጊዜ ያልሞተውን ሰው ሞተ ብለው ቲያትር ቤቱን በሙሉ አስለቀሱት። አሁን የእኔ ተናጋሪ አንተ ነህ።»

እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ደምሴ ምን እንዳሉ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ እሳቸውም ሳቁ።

ቢቸና

ረቡዕ ረፋድ ላይ ቢቸና ገባን። አገሩ ወርቃማ የገለባ ክምር ነው፤ አቧራው ግን ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከአንድ ጠጅ ቤት ጀርባ በቀን አንድ ብር ሁለት ክፍል ተከራየን። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበትን ደብዳቤያችንን አንብቦ «ምን እንርዳችሁ?» አለን። መልሱን ማስተርጎም የእኔ ዕጣ ነበር።

«ለቅሶ ነው የምንፈልገው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰው እንድንገድልላችሁ ነው?»

ሦስት ቀን ጠበቅን። በየማለዳው ገበያው ጫፍ ድረስ እየሄድሁ «ሰው ታሟል? ያረፈ አለ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። በሁለተኛው ቀን ሰው ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀመረ፤ ጠጅ ቀጂዋ ሳትቀር «ሞት ጠባቂው መጣ» ትለኝ ነበር። ሚስተር ታኬኖ አፍረው ከክፍላቸው አልወጡም። «ሰው እንዲሞት አልመኝም» አሉኝ፤ «ነገር ግን ያለኝ ቀን እያለቀ ነው።»

በዚያ ዓርብ ማታ አንድ የማይረባ ሐሳብ መጣልኝ። በቢቸና ዙሪያ የታወቁ ሙሾ አውራጅ አሉ፤ እትዬ የሺ ይባላሉ። ለምን እሳቸውን ለምነን ለካሜራው አያለቅሱልንም? ሄጄ ነገርኋቸው። በራቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር።

«ለማን ነው የማለቅሰው?»

«ለማንም አይደለም እትዬ፤ ለማሳያ ነው።»

እንዝርቱን አቆሙት። «ላልሞተ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ለሌለ ሰው ማልቀስ ደግሞ በእግዜር ማላገጥ ነው። ስም የሌለው ሙሾ አይወርድም፤ ሂድ ልጄ።» ተነሥቼ ልሄድ ስል ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው ጨመሩ፦ «በሰው አገር ሞቶ ወገን ያላለቀሰለት ካለ ግን ንገረኝ። እሱን ያለ ዋጋ አለቅስለታለሁ። ጽድቅ ነው።»

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብሄድ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ «አለ» አልሁ።

«ስሙ ማነው?»

«አያሌው።» ከአፌ የወጣው መጀመሪያ የመጣልኝ ስም ነው።

«አገሩስ?»

ቢቸና ብል ያውቁታል። ስለዚህ «ሞጣ» አልሁ። የት ሞተ ሲሉኝ ሁመራ፣ በወባ አልሁ፤ በየዓመቱ ጎበዙ ሁሉ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወደዚያ ነውና። የማን ልጅ ነው ሲሉኝ ደግሞ የአባት ስም መፍጠር ታከተኝና «አንድ ለእናቱ ነው፤ እናቱም ባል የሞተባቸው ናቸው» ብዬ ዘጋሁት። እትዬ የሺ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔም መልኬን አሳዘንሁ።

ቅዳሜ፣ ገበያው መሐል

በማግሥቱ ገበያ ነበር፤ እህሉ፣ በሬው፣ በጉ፣ ሰዉ ሜዳውን ሞልቶታል። ከገበያው ዳር ጋቢና በትር አጋድመን ዘረጋን። ጋቢው የጋሽ ደምሴ ነው። «የራሴን ልብስ አስለቀስህብኝ» ብለው ተቆጥተውኝ መኪናው ውስጥ ገቡ።

እትዬ የሺ መሐል ገብተው ድምፃቸውን ለቀቁት፦

«ሁመራ ምን አለ ሰሊጡ ነው እንጂ፣
የእናቱን አንድ ልጅ ወሰደው አጫጂ።»

ሸማች ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ከበበን። ሁመራ የወረደ ልጅ፣ ወንድም፣ ባል የሌለው ቤት የለም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፤ እያንዳንዷ የምታለቅሰው ለራሷ ሰው ነው። ከዳር የቆሙ፣ በቅሎ የጫኑ የሞጣ ነጋዴዎች «ማነው ሟቹ?» ሲሉ ሰማሁ። አንዲት ሴት እያለቀሰች ስሙን፣ አገሩን፣ አንድ ለእናቱ መሆኑን ነገረቻቸው። እኔ የማየው የሚስተር ታኬኖን ፊት ነበር። ካሜራቸውን አንቀሳቅሰው ከጨረሱ በኋላ ጀርባቸውን ሰጥተውን ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። ሥራዬን አሳምሬ እንደ ሠራሁ ተሰማኝ።

ደብረ ወርቅ

ሰኞ ወደ ሞጣ ጉዞ ስንጀምር ደብረ ወርቅ አጠገብ ባሌስትራችን ተሰበረ። ጋሽ ደምሴ መለዋወጫ ሊያመጡ በጭነት መኪና ወደ ኋላ ተመለሱ። እኛ ሦስት ቀን ተጋደምን።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሞጣዎቹ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ደረሱብን። ከፊት ያሉት ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ፣ ጢማቸውን በሂና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። መሰበራችንን አይተው አዘኑልን፤ ቴምርም ሰጡን።

«እኛስ አንቀመጥም» አሉኝ። «ከባድ አደራ ይዘናል። ከሞጣ ገብተን ለሽማግሌዎች ሳናደርስ አናርፍም።»

«አላህ ያቅልልዎ» አልኋቸው። ምን አደራ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለ ወይራ ሥር ተቀምጠን ሚስተር ታኬኖ ቀሪውን ታሪካቸውን ነገሩኝ። ከመብራት ተሸካሚነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ዳይሬክተርነት አደጉ። የመጀመሪያ ፊልማቸው ስለ ሐር ፈታዮች ነበር፤ አባታቸው ግን ሳያዩት ሞቱ። ከዚያ ጦርነት መጣ። የጦር ሠራዊቱ ለሕዝቡ ብርታት የሚሰጥ ፊልም ሥሩ ብሎ አዘዛቸው። ከግንባር የመጣውን የልጇን ዐመድ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ውስጥ የምትቀበል እናት ማሳየት ነበረባቸው። ተዋናይት አልፈለጉም። እውነተኛ እናት፣ እውነተኛ ሣጥን፣ እውነተኛ የባቡር ጣቢያ አገኙ።

«አለቀሰች» አሉኝ። «መኮንኑ ይኽ አይሆንም አለ። የጀግና እናት አታለቅስም። ደግሜ አነሣሁ፤ አሁንም አለቀሰች። በሦስተኛው ጠጋ ብዬ ‹ሣጥኑ ውስጥ ያለው ያንቺ ልጅ አይደለም፤ የሌላ ሴት ልጅ ነው ብለሽ አስቢ› አልኋት። አላለቀሰችም። ፊልሙ ተሸለመ።»

ከጦርነቱ በኋላ ያቺን እናት ፍለጋ ሄዱ፤ ከተማዋ በሙሉ ተቃጥላ ነበር። ብዙ ፊልም ሠሩ፤ ሦስቱ በውጭ አገር ሳይቀር ታዩ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን መጣና ሲኒማ ቤቱ ባዶ ሆነ፣ ኩባንያው ተዘጋ። ባለቤታቸው ሞቱ። «በቀብሯም ዕለት አላለቀስሁም» አሉኝ። «ያቺ እናት እንዴት እንደሚደረግ አሳይታኛለች። እኔ ያን ዕለት እንባዋን ቀማኋት። ቢያንስ የሚያለቅሱ ሰዎችን ሰብስቤ ልሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

የቢቸናው ለቅሶ ውሸት መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ፤ ለማሳያ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ለአልቃሿ ግን እውነት ነው ማለቴን አልነገርኋቸውም። ያን ሰዓት ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ሞጣ

ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሞጣ ገባን። ገና ከከተማው ጫፍ ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ እሪታ ተሰማ። ሚስተር ታኬኖ ክንዴን ያዙኝ።

«እውነተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው» አልሁ። እንደ ዕድል ቈጠርሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሽማግሌዎቹ ደብዳቤያችንን አይተው «የመንግሥት ሰው ከሆናችሁ ከዳር ቁሙ» አሉን። ሚስተር ታኬኖ ካሜራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። መሐል ሜዳ ላይ አንድ ያረጀ ጋቢ፣ አንድ ዱላ፣ አንድ ጥንድ የጎማ ጫማ ተዘርግቷል። ከልብሱ አጠገብ ፀጉራቸውን የተላጩ፣ ፊታቸውን በጥፍራቸው የቧጠጡ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሁለት ሴቶች ብብታቸውን ይዘው ሲወድቁ ያነሧቸዋል። አልቃሿ አወረደች፦

«ሁመራ ምን አለ ሰሊጡ ነው እንጂ፣
የእናቱን አንድ ልጅ ወሰደው አጫጂ።»

አጠገቤ የቆመውን ሰው ሟቹ ማነው አልሁት።

«አያሌው ነው፤ የእማማ ስንዱ አንድ ልጅ። ሁመራ ከወረደ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ቢቸና ላይ ሲለቀስለት ነጋዴዎች ሰምተው፣ ግጥሙን ሳይቀር ይዘው መጥተው ለነፍስ አባቷ ነገሩ። ትናንት ጎሕ ሲቀድ ተረዳች።»

ከሰው መሐል ሐጂ እንድሪስን አየኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠዋል። አደራቸውን አድርሰዋል።

ለሚስተር ታኬኖ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኋቸው። ካሜራው ቆመ። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ሂድ፤ አሁኑኑ ንገራት።»

ሰውን እየገፋሁ መሐል ገባሁና ጮክ ብዬ ተናገርሁ። የቢቸናው ለቅሶ ለፊልም እንደነበረ፣ አያሌው ያልሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ስሙን፣ ሁመራን፣ አንድ ለእናቱ የሚለውን ከራሴ እንደ ፈጠርሁ ዘረገፍሁት። ከዚያ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። የእማማ ስንዱ ነፍስ አባት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ፣ መስቀላቸውን ዘርግተው አቆሟቸው።

«አንተ ልጅ፣ ስማኝ» አሉ። «የተረዳ መርዶ በቃል አይመለስም። የሚመልሰው ሰውየውን ቆሞ በዓይኑ ያየ ምስክር ነው። አይተኸዋል?»

እማማ ስንዱ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ደሙ ደርቋል። እንዲህ ያለ ተስፋ በሰው ዓይን ላይ አይቼ አላውቅም። አየሁት ብል ያምኑኛል፤ እልል ይላሉ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አንዴ በምላሴ ምን እንዳደረግሁ ግን ከፊቴ ተዘርግቶ እያየሁት ነው።

«አላየሁትም» አልሁ። «ይኑር ይሙት አላውቅም።»

«ልጄን አታውቀውም?» አሉ እማማ ስንዱ፤ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«አላውቀውም እማማ።»

«ስትገድለው አውቀኸው ነበር። ስሙን አውቀሃል፣ አገሩን አውቀሃል፣ አንድ መሆኑን አውቀሃል። ለማዳኑ ጊዜ ነው የማታውቀው?»



ከዚያ በኋላ የሆነው ከዱላው ይብሳል። አልቃሿ ግጥሟን ጀምራ አቆመች። ሞቶ እንደሆነ ማልቀስ ይገባል፤ በሕይወት ካለ ሟርት ነው። እልልታም አልተቻለም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተቀቀለው ንፍሮ በየሰፌዱ እንደተቀመጠ ሰዉ አንድ በአንድ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይበል «እንኳን ደስ አለሽ» ይበል ሳያውቅ፣ ምንም ሳይናገር ወጣ። እማማ ስንዱ አንድ ጊዜ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡና መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸው ደረቀ።

ሚስተር ታኬኖ ጫማቸውን አውልቀው መጡ። ከእማማ ስንዱ ፊት ተንበርክከው ግንባራቸውን አፈር ላይ ደፉት፤ ብዙ ቆዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲነሡ ከካሜራው ውስጥ የፊልሙን ጥቅል አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙና «ምን ላድርገው? እሷ ትዘዝ፤ ብትል አቃጥለዋለሁ» አሉኝ። አስተረጎምሁ።

«ውስጡ ልጄ አለበት?» አሉ እማማ ስንዱ።

«የለበትም።»

«እንግዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ሚስተር ታኬኖ ጥቅሉን እንደያዙ ቆሙ። «ሁለተኛዋንም እናት እንባዋን ቀማኋት» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ሐጂ እንድሪስ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «እኔም አላጣራሁም» አሉኝ። «ሰምቼ ሄድሁ እንጂ፣ ቆም ብዬ ሬሳው የታል፣ ማን አየው አላልሁም። ነገር ግን ልጄ፣ እኔ የሰማሁትን ነው ያደረስሁት። አንተ ልጁን ፈልገህ አምጣ።»

መመለሻ

ሚስተር ታኬኖ በአራተኛው ቀን ወደ አገራቸው በረሩ። የጎጃሙ ክፍል የሌለበት ፊልማቸው መታየቱን በኋላ ጽፈውልኛል። ደብዳቤያቸው ሦስት መስመር ነበር፤ የመጨረሻው መስመር «ተገኘ ወይ?» ይላል።

እኔም ክረምቱን እንቅልፍ አጣሁ። በጥቅምት፣ የአጨዳው ወራት ሲደርስ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በጎንደር በኩል በጭነት መኪና ሁመራ ወረድሁ። ሙቀቱ ምድጃ ነው፤ ውኃው ይሸታል። ሰዉ በዳስ በዳስ ተኝቷል፤ ግማሹ በወባ ይንቀጠቀጣል። ከእርሻዎቹ ጀርባ መቃብር አየሁ፤ ድንጋይ ብቻ እንጂ ስም የለበትም። አሥራ አንድ ቀን ከዳስ ዳስ ስዞር የሞጣውን አያሌው የሚያውቅ አጣሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በተሰበሰበበት ቆሜ ባለ በሌለ ድምፄ «አያሌው!» ብዬ ተጣራሁ።

አራት ሰዎች ዞሩ።

አንዱ የደብረ ታቦር፣ ሁለቱ የዳሞት፣ አንዱ የላስታ ነው። የእማማ ስንዱ ልጅ የለባቸውም። አራቱም ግን እኔ ማን እንደሆንሁ ሳይጠይቁ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ ቀርበው «ከእናቴ ዘንድ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። አይደለም ስላቸው ከፊታቸው የወረደውን ነገር ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ይኽን ነው። ማንንም አልጠራበትም ብዬ ከአፌ የጣልሁት ስም እናት ነበረው። በአገራችን ባለቤት የሌለው ስም የለም፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ይህን ሳላውቅ አገሩን አውቀዋለሁ ብዬ ሄጃለሁ።

የአራቱን አያሌዎች ደብዳቤ ቁጭ ብዬ ጻፍሁላቸው፤ ሦስቱ ፊደል አያውቁም። ወደ ቤቴ ስመለስ አራቱንም በአድራሻቸው ላክሁ። ከዚያ አምስተኛ ወረቀት አወጣሁና «ለእማማ ስንዱ፣ ሞጣ» ብዬ ጀመርሁ። ከሰላምታው በታች ያለው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።